የኢንጂነር ራንጌል ሃያ ሦስት ቮልት

እግዚአብሔር አንድ ሕንፃ እንዲቆም ሲፈቅድ መጀመሪያ የሚፈጥረው አስሊውን ሰውዬ ነው፤ ጡቡና ሲሚንቶው፣ ባለቤቱና ተከራዩ ኋላ ነው የሚደርሱት። ይህን የምናገረው አፌን ሞልቼ ነው። በዚህ በቡልጋሪያችን፣ ከዳኑብ ዳር እስከ ግሪክ ጠረፍ፣ ደስ ባላችሁ ሕንፃ ደጃፍ ላይ ቆማችሁ «ማንም ያልጠየቀውን የሚያሰላው ሰውዬ የት ነው የሚኖረው?» ብትሉ፣ የጠየቃችሁት ሰው «ማንን ማለታችሁ ነው?» አይላችሁም። ቃል ሳያባክን በአገጩ ወደ ላይ ያሳያችኋል።

እኛ ያምቦል ከተማ ያለነው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው ያስቀመጥናቸው። ክቡር ኢንጂነር ራንጌል ቾባኖቭ፤ የአሥራ አምስት አባወራ ብርሃን ጠባቂ፣ የቮልትና የአምፔር ሊቀ ጠበብት፣ ከትራንስፎርመር ፋብሪካ ጡረታ ከወጡ አሥራ ሦስት ዓመት የሆናቸው፣ ጡረታ መውጣታቸውን ግን እስካሁን ማንም ያልነገራቸው። ሰማያዊ የሥራ ካፖርታቸውን ለብሰው ነው ዳቦ የሚገዙት። በደረት ኪሳቸው ካቻቢቴ፣ በጎን ኪሳቸው ፒንሳ፣ በእጃቸው ደግሞ ሽቦውን ቆንጥጦ ስንት አምፔር እንደሚያልፍበት የሚናገር መለኪያ አለ። አንገታቸው ላይ፣ ሌላው ሰው መስቀል በሚያንጠለጥልበት ቦታ፣ የመብራት ሳጥኑ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ሳጥኑ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ያለ የብረት ቁምሳጥን ነው፤ የአሥራ አምስታችንም ቆጣሪና ብሬከር እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ቁልፉ እሳቸው አንገት ላይ ሲውል ሲያድር ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

«ግምት አይደለም፤ ስሌት ነው!» ይላሉ፤ ጣታቸውን ወደ ጣሪያ ቀስረው። ይህን ሳይሉ የዋሉበት ቀን ካለ ታመው ነው።

አንድ ጊዜ አዲስ የውሃ ማፍያ ገዝቼ ደረጃ ስወጣ ያዙኝ። ሌላ ጎረቤት ቢሆን «እንኳን ደስ ያለህ» ይላል። እሳቸው ካርቶኑን ከብብቴ መንጭቀው ጽሑፉን አነበቡ።

«ሁለት ሺህ ዋት ይላል። አምነህ ነው የገዛኸው?»

«ጋሽ ራንጌል፣ ሻይ ነው የምጠጣበት።»

«ግባ፣ ግባ።»

በገዛ ቤቴ «ግባ» ተብዬ ገባሁ። ውሃ ሞሉ፣ ሰኩ፣ ሽቦውን ቆነጠጡ። ቮልቱ ሁለት መቶ ሠላሳ፣ አምፔሩ ሰባት። ቮልትን በአምፔር ስታባዛ ዋት ነው፤ ከጆሮአቸው ላይ እርሳስ አውርደው ካርቶኑ ላይ አባዙት። «አንድ ሺህ ስድስት መቶ አሥር! ሦስት መቶ ዘጠና ዋት ዋሽተውሃል።»

«ይሁን፣ ሻዩ ግን ፈላ እኮ።»

«ፈላ ማለት ምን ማለት ነው? ዘግይቶ ፈላ በል!»

በዚያው ቀን ደረጃው ላይ ትምህርት ሰጡኝ። ያን ትምህርት ያልተማረ ሰው በሕንፃችን የለም፤ ፖስተኛው እንኳ ሁለት ጊዜ ተምሯል። «የአውቶቡስ በር አስብ» አሉኝ። «ቮልት ከኋላ የሚገፋው ሕዝብ ነው። አምፔር በበሩ የሚያልፈው ሰው ነው። ኦም ደግሞ በሩ ላይ ቅርጫቷን ታቅፋ የቆመችው ወፍራም ሴትዮ ናት፤ እንቅፋቱ እሷ ናት። እንግዲህ ግፊያው ስንት እንደሆነና ስንት ሰው እንዳለፈ ካወቅክ፣ ግፊያውን ላለፈው ታካፍላለህ፤ ሴትዮዋ ምን ያህል እንደምትወፍር ሳታያት ታውቃለህ። ቤት ውስጥ ተደብቃ ቢሆን እንኳ ታውቃለህ!»

በዚህ መሃል እትዬ ዶንካ ከገበያ መጥታ ከኋላችን ቆማለች፤ ቅርጫቷን እንደታቀፈች። እትዬ ዶንካ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር፣ በግድግዳ የምንዋሰናት ባልቴት ናት፤ ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ምላሷ ግን የሃያ ዓመት ነው።

«አንተ ራንጌል» አለቻቸው። «የኔን ውፍረት የምታሰላው መጀመሪያ የራስህን ሆድ አስልተህ ስትጨርስ ነው። እስኪ ከበሩ ዞር በል፣ አምፔሩ ይለፍ!»

ክርስትና ላይም አይተናቸዋል። የሁለተኛ ፎቋ ፀጉር ሠሪ ቬሴላ የመጀመሪያ ልጇን ክርስትና ስታስነሳ ቤተ ክርስቲያኑ ቀዝቃዛ ነበርና ካህኑ የማጥመቂያውን ውሃ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያሞቁ ነበር። ኢንጂነር ራንጌል ጳጳስ ይመስል ካፖርታቸውን ጠቅለል አድርገው ቀረቡና የማሞቂያውን ሽቦ ቆነጠጡት። «ስምንት ነጥብ ሰባት አምፔር። ስልሳ ሊትር ነው፤ ውሃው ለብ እስኪል ሠላሳ አንድ ደቂቃ ይቀረዋል፣ አባ» አሉ። ካህኑ በዓይናቸው ገርመም አደረጓቸው፤ ከዚያ ግን ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው አወጡና ጸሎቱን አስረዘሙት። ዘመድ አዝማዱ በእግሩ ቆሞ አጉረመረመ። ቬሴላ እስከ ዛሬ «ክርስትናዬን ላብራቶሪ አደረገብኝ» ትላለች። ልጁ ውሃው ውስጥ ሲገባ አለማልቀሱን ግን ማንም አላነሳውም።

ይህ ሁሉ ከመስከረም ውጭ ያለው ጊዜ ነው። በመስከረም ነው እንጂ ጉዱ።

በመስከረም እኛ ቃሪያ እንጠብሳለን። ቀዩን፣ ወፍራሙን፣ የማያቃጥለውን ነው። ባልዲ የሚያህል፣ ውስጡ ዙሪያውን ግሎ የሚቀላ የኤሌክትሪክ መጥበሻ አለን፤ ቃሪያዋን ትጥላለህ፣ ትከድናለህ፣ ሦስት ደቂቃ፤ ልጣጯ ሲጠቁር አውጥተህ ትልጣለህ፣ ብልቃጥ ውስጥ ታሽጋለህ። ስልሳ ብልቃጥ ያላስቀመጠች የቤት እመቤት ክረምቱን በምን ዓይኗ ጎረቤቷን ታያለች? የቃሪያው መኪና ደግሞ የሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ስለዚህ ቅዳሜ በሦስት ሰዓት አሥራ አምስቱም በረንዳ ላይ አሥራ አምስት መጥበሻ ይቀላል፤ በሦስት ሰዓት ከሩብ መብራት ድርግም ይላል።

ኢንጂነር ራንጌል ለዚህ መፍትሔ አበጁ። በመግቢያው በር ላይ በቀይና በሰማያዊ ቀለም የተሰመረ ሰሌዳ ለጠፉ፦ አንድ መጥበሻ አምስት አምፔር ይወስዳል፤ የሕንፃው ዋና ብሬከር ስልሳ ሦስት ይችላል፤ አሥራ ሁለት ቤት ይጠብሳል፣ ሦስት ቤት ያርፋል፤ በየሰዓቱ ይቀያየራል። ከሥሩ ምን እንደተጻፈ ታውቁታላችሁ፤ ግምት አይደለም።

ማን ይስማ? «እኔ ላርፍ? ቃሪያዬ ፀሐይ ላይ ተቆልሎ?» ሁሉም እንዲያ አለ። በመጀመሪያው ቅዳሜ መብራት አራት ጊዜ ጠፋ። በጠፋ ቁጥር ቁልፉን ይዘው ይወርዳሉ፤ ወርደው ግን ብሬከሩን ወዲያው መልሰው አያነሡትም። መጀመሪያ ሕዝቡ ደረጃው ላይ ይሰብሰብ። ከዚያ ማን እንደጠበሰ ይታወቅ። ከዚያ አምስት በአሥራ አምስት ሲባዛ ስንት እንደሆነ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ይመልስ። ሰባ አምስት! ሰባ አምስት ከስልሳ ሦስት ይበልጣል ወይስ ያንሳል? እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ «ይበልጣል» ብለን በአንድ ድምፅ ስንመልስ ነው ብርሃን የሚሆነው።

በአራተኛው ጊዜ ሕዝቡ መረረው። «ቁልፉ ይነጠቅ!» ተባለ። እኔ የከተማችን ጋዜጣ ላይ በሳምንት አንድ ጽሑፍ ስለምጽፍ ሕንፃው ውስጥ የሚጻፍ ማናቸውም ማመልከቻ በኔ ጫንቃ ላይ ነው። ጻፍኩት። አሳምሬ ነው የጻፍኩት፤ «በብርሃን ስም ጨለማን የሚያነግሡብን» የምትል ሐረግ አስገብቼበታለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አሥራ አንድ አባወራ ፈረመ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ደረጃው ላይ ስብሰባ ተጠራ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኢንጂነር ራንጌል ጆሮ ግን ዘመዳቸው ነው። ማመልከቻውን ማን እንደጻፈው በማግሥቱ ያውቁ ነበር። ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታ አልከለከሉኝም፤ ቁልፉን ብቻ በእጃቸው ከሸሚዛቸው ሥር አስገቡት። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ሳቄን ዋጥኩት። እኚህ ሰው ሚስት የሞተችባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ናቸው። ያ ቁልፍ ከተወሰደባቸው ጠዋት ተነሥተው ካፖርታቸውን የሚለብሱበት ምክንያት የላቸውም። ይህን አውቀዋለሁ፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቢሆንም ፈርሜያለሁ።

ቅዳሜው ደረሰ። በማለዳ እትዬ ዶንካ በበረንዳዋ አጠገብ ካለው ሶኬት መጥበሻዋን ሰክታ ሥራ ጀመረች። በአራት ሰዓት ገደማ ድምፅዋ ሕንፃውን አናወጠው።

«አንድ ቃሪያ አራት ደቂቃ! ቬሴላ ታች ሁለት ብልቃጥ ስታሽግ እኔ አንድ አላሸግኩም! ይሄ መጥበሻ ምን ዓይነት ዛር ነው የያዘው?»

«አርጅቶ ነው፣ እትዬ ዶንካ፣ ጣይው!» አለች ቬሴላ ከታች።

«አንቺን ልጣልሽ! አምና የተገዛ ነው!»

ኢንጂነር ራንጌል ሳይጠሩ መጡ። መጥበሻ አጥፍቷል ሲባል መቅረት አይችሉም። እኔም በግድግዳ የምዋሰን ጎረቤት ነኝና ነገሩን ለማየት ተከትዬ ገባሁ። ሽቦውን ቆነጠጡት፤ አራት ነጥብ አምስት አምፔር። የቴስተራቸውን ሁለት ጫፍ ከመጥበሻው ጎን ባለው የሶኬቱ ሁለተኛ አፍ ከተቱ፤ ሁለት መቶ ሰባት ቮልት። ፊታቸው ተለወጠ። ሦስት ፎቅ ሙሉ ደረጃውን በሩጫ ወርደው ከሳጥኑ ለክተው ተመለሱ፤ በሰባ ሦስት ዓመታቸው።

«ታች ሁለት መቶ ሠላሳ ነው» አሉ እያለከለኩ። «እዚህ ሁለት መቶ ሰባት። ሃያ ሦስት ቮልት የት ገባ?»

«እኔ ልስረቀው?» አለች እትዬ ዶንካ። «ፈትሸኛ!»

«መጥበሻሽ ንጹሕ ነው። ሁለት መቶ ሰባትን ለአራት ነጥብ አምስት ስታካፍይው አርባ ስድስት ኦም ነው፤ የኔም መጥበሻ አርባ ስድስት ነው። አይጥ በበላ ዳዋ አትምቺ፤ ሌባው ግድግዳው ውስጥ ነው።» እርሳሳቸው የቃሪያው ካርቶን ላይ ይሮጥ ጀመር። «ሃያ ሦስት ለአራት ነጥብ አምስት፤ አምስት ነጥብ አንድ ኦም። ግማሽ ኦም እንኳ መሆን በማይገባው ቦታ! ሃያ ሦስት በአራት ነጥብ አምስት ሲባዛ…» እርሳሱ ቆመ። «አንድ መቶ ሦስት ነጥብ አምስት ዋት።»

«እና?»

«ዶንካ፣ የዱሮው መቶ ዋት አምፖል ትዝ ይልሻል? በእጅ የማይነካው? እሱ በግድግዳሽ ውስጥ እየነደደ ነው። ከጠዋት ጀምሮ።»

መጥበሻውን ነቀሉት፤ ወረዱና የእትዬ ዶንካን ብሬከር አውርደው በሳጥኑ ላይ ቁልፉን ሁለቴ አዞሩት። አርባ ኪሎ ቃሪያ ተቆልሎ፣ በመስከረም፣ በቅዳሜ ቀን! ከዚህ የሚበልጥ ወንጀል በሕጋችን የለም። ደረጃው በሰው ተሞላ።

«አበዱ እንዴ ሰውዬው?»

«ማታ ቁልፉ ሊወሰድ ስለሆነ ነው፣ እልህ ነው!»

«ሴትዮዋ መበለት ናት፣ ነውር ነው!»

«ግድግዳው ይከፈት» አሉ ኢንጂነር ራንጌል። ሌላ ነገር አይሉም። «ሶኬቱ ከኋላው ይከፈትና እንየው።»

እትዬ ዶንካ ሶኬቱ ፊት ሄዳ እጆቿን ዘርግታ ቆመች። ድምፅዋ ተለውጧል። «ይሄን ሶኬት የሠራልኝ ሚትኮ ነው» አለች። «ነፍሱን ይማረውና ባሌ ነው በእጁ የሠራው። እኔ ቡርጋስ ልጄ ጋ ሄጄ ስመለስ፣ በረንዳዬ አጠገብ እንድጠብስ ብሎ ሠርቶ ጠበቀኝ። ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ማንም አይነካውም። እሱ የሠራው ቤቴን አያቃጥልም!»

እዚህ ላይ እኔ ቀስ ብዬ ወጣሁ።

ወደ ቤቴ ገብቼ የልጃችን የያና አልጋ ያለበት ክፍል ሄድኩ። የእትዬ ዶንካ ሶኬት ያለበት ግድግዳ ጀርባው ይሄ ነው። መዳፌን ለጠፍኩበት። ኮረንቲው ከጠፋ ግማሽ ሰዓት አልፎታል፤ ግድግዳው ግን ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ሙቅ ነበር። የልጄ ትራስ ከዚያ አንድ ክንድ አይርቅም። አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ።

አሁን ያልነገርኳችሁን ልንገራችሁ። ያን ሶኬት ሚትኮ አልሠራውም፤ እኔ ነኝ የሠራሁት። ሚትኮ የእጅ ባትሪ ያዘልኝ እንጂ ካቻቢቴ እንኳ አልነካም። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በሐምሌ፣ እትዬ ዶንካ ቡርጋስ ሳለች፣ አንድ ጠርሙስ የቤት ራኪያ፣ የኛ አረቄ፣ መሃላችን አቁመን ነው የሠራነው። የግድግዳው ሽቦ የድሮ አሉሚኒየም ነበር፤ እኔ ያመጣሁት መዳብ። ሁለቱን አንድ ላይ ጠመዘዝኳቸው፣ በናስትሮ ጠቀለልኳቸው፣ «ለጤናህ!» ተባባልን። ልስኑ ስላልበቃን ቀዳዳውን በጋዜጣ ጠቅጥቀን ላዩን ብቻ ለሰንነው። በዚህ አገር የዚህ ዓይነት እጅ የሌለው ወንድ የለም፤ መሐንዲስ አጠገቡ እያለ መሐንዲስ የሚጠራ ወንድም የለም። ሚትኮ «ለዶንካ እኔ ሠራሁት እላታለሁ፣ እሺ?» አለኝ። እሺ አልኩት። ምን ከፋኝ?

ተመልሼ ሄድኩ። ጀግና ሆኜ ሁሉን የተናገርኩ እንዳይመስላችሁ። የተናገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እትዬ ዶንካ፣ ግድግዳው በኛ በኩል ሞቋል።»

«በእናንተ በኩል?» ዞር አለች። «በዚያ በኩል ያና አይደለችም እንዴ የምትተኛው?»

«እሷ ናት።»

እትዬ ዶንካ ወደ ጓዳዋ ገብታ ሥጋ የምትቀጠቅጥበትን መዶሻ አምጥታ ለኢንጂነር ራንጌል ሰጠቻቸው። «ክፈተው» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ በረንዳው አዞረች።

ሶኬቱን ነቀሉት፣ ልስኑን በሁለት ምት አወረዱት። የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ወጣ። ውስጡ የምድጃ ጭስ መውጫ መስሏል፤ ናስትሮው ቀልጦ እንደ ሬንጅ ተንጠባጥቧል፣ እኔ የጠመዘዝኩት ቋጠሮ ጥቁር ከሰል ሆኗል። በሩ ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ «በስመ አብ» አለ። ኢንጂነር ራንጌል በፒንሳቸው ከቀዳዳው የጠቆረ የጋዜጣ ቁራጭ ስበው አወጡ። ጠርዙ እንደ ትንባሆ ቅጠል ቡናማ ሆኗል። ገለጥ አደረጉት። የኔ ጽሑፍ ነበር፤ ከነፎቶዬ፣ ያኔ ጢም ነበረኝ፣ ግማሽ ፊቴ ተቃጥሎ በአንድ ዓይኔ አፍጥጬ አየኋቸው። ከላይ ቀኑ ተጽፏል፤ የዚያው የሐምሌ ነው።

ቀኑን አነበቡ። ቀና ብለው እኔን አዩኝ። የማመልከቻው ጸሐፊ፣ የግድግዳው እሳት ለኳሽ፣ ሁለቱንም ባንድ ላይ ሆኜ ቆሜያለሁ። በደረጃው ላይ አሥራ አንድ ፈራሚ አለ፤ አንድ ቃል ቢናገሩ ኖሮ ማታ የሚባረረው ሌላ ሰው ነበር።

እትዬ ዶንካ ከበረንዳው ሳትዞር ጠየቀች። «ራንጌል፣ እውነቱን ንገረኝ። ሚትኮ ነው?»

ኢንጂነር ራንጌል ጋዜጣውን በአራት አጣጥፈው ካፖርታቸው ኪስ ከተቱት።

«ሚትኮ የሠራው ሶኬቱን ነው» አሉ። «ሶኬቱ ወርቅ ነው። የተቃጠለው ከኋላው ያለው የድሮው ቋጠሮ ነው። ሕንፃውን ያቆሙት ሰዎች ሥራ ነው፤ የ1979።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እኔ መቼ ተሳስቼ አውቃለሁ?» አሉ ተቆጥተው።

ማንም አልተጠራጠረም። እኚህ ሰው ከሻይ ማፍያ ላይ የጎደለ ዋት ይቅር የማይሉ፣ ለካህን እንኳ አንዲት ደቂቃ ያልለቀቁ ናቸው። እሳቸው 1979 ካሉ 1979 ነው። እትዬ ዶንካ ዞረች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ አፏ ግን ቦታው ላይ ነበር። «እኔስ ምን አልኳችሁ?» አለችን። «የኔ ሚትኮ እጁ ወርቅ ነው አላልኩም? አሁን ምን አፍጣችሁ ትቆማላችሁ? ቃሪያው ይበሰብሳል፤ እያንዳንድሽ አንድ አንድ ሣጥን አንሺ!» ቬሴላ ሁለት ሣጥን ወሰደች። በዚያ ቀን የእትዬ ዶንካ ቃሪያ በስምንት ቤት ተጠበሰ፤ ሦስት ሦስት ቤት እያረፈ፣ በሰሌዳው መሠረት፤ መብራትም አልጠፋ።

በአሥራ ሁለት ሰዓት ስብሰባው ተከፈተ። ተነሥቼ ማመልከቻው ውስጥ የስሌት ስህተት ስላገኘሁ መልሼ እንደወሰድኩት ተናገርኩ። «የት ላይ?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ነበር። እትዬ ዶንካ አላስጨረሰችውም። «ያን ቁልፍ የሚነካ ሰው እጁን መጥበሻዬ ውስጥ ነው የምከተው» አለች። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

ኢንጂነር ራንጌል ሲወጡ ትከሻዬን ያዝ አድርገው ዝግ ባለ ድምፅ «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ የራስህን ካቻቢቴ ይዘህ» አሉኝ። በማግሥቱ ወጥ ቤታቸው ውስጥ አስቀምጠው መዳብና አሉሚኒየም እንዴት በብሎን ማያያዣ እንደሚገናኙ አሥራ ሁለት ጊዜ አሠሩኝ። አሥራ አንዱን በፒንሳ ቆርጠው ጣሉት፤ እንደ አሥራ ሁለተኛው አድርገን የእትዬ ዶንካን ሶኬት ወደ ቦታው መለስነው። ስለ ጋዜጣው አንድም ቃል አላነሡም። እኔም ይቅርታ ልጠይቃቸው ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ «እጅህን ተመልከት» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ የተለወጡ እንዳይመስላችሁ። አሁንም ደረጃ ላይ ይይዙኛል፣ አሁንም ካርቶን ይመነጭቁኛል፣ ባለፈው ወር የያናን የሌሊት መብራት ለክተው አምራቹን በሌለበት ሰድበውታል። አሁን ግን ሲይዙኝ ደስ ይለኛል። እወዳቸዋለሁ፤ እንዲህ በጋዜጣ እንደምለው በአፌ ብላቸው ስንት ዋት ነው ብለው ይጠይቁኛል ብዬ እፈራለሁ እንጂ።

እትዬ ዶንካ ባለፈው መጋቢት አረፈች። እስከ መጨረሻዋ ሳምንት ድረስ ቤቷ የገባውን ሁሉ እጁን ይዛ ወደ ሶኬቱ ትወስደው ነበር። «የሚትኮ ሥራ ነው። ኢንጂነሩ ራሱ ወርቅ ነው ብሎ መስክሮለታል» ትላለች። ዶክተሩንም ወስዳዋለች። በቀብሯ ላይ ኢንጂነር ራንጌል ያለ ካፖርታቸው፣ በጥቁር ኮት ነበሩ፤ ምንም አልለኩም።

ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝኩትን ለመጻፍ ከእሳቸው ሌላ ፈቃድ የምጠይቀው ሰው አልቀረም። ይህን ጽሑፍ ወደ ጋዜጣው ከመላኬ በፊት ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አጠለቁ፣ እርሳሳቸውን ቀረጹ። የማሞቂያውን አምፔር አረጋገጡ። አንድ መቶ ሦስት ብዬ የጻፍኩት ላይ ነጥብ አምስት ጨመሩ። ስድስተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ እርሳሱ ቆመ። ከዚያ ምንም ሳይነካ አልፎ ሄደ።

«ጋሽ ራንጌል» አልኳቸው፣ «ይሄ 1979 የሚለውስ?»

ቀና ብለው አላዩኝም።

«እሱ ልክ ነው» አሉ፤ ገጹን ገለጡ።